ሳይደርሱ መግባት

ስልኩ ሲጮህ ሳሎኑ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ቀድማ የተነሳችው እሷ ነበረች። የያዘችውን ሲኒ ማን ጭን ላይ እንዳስቀመጠች እንኳ ልብ አላለችም። እጀታውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ወገቧን ቀና አድርጋ፣ እስከ ግቢው በር በሚሰማ ጥርት ያለ ድምፅ፣

«የአደጋ ጥሪ ማዕከል። አደጋው የት ነው?» አለች።

ከወዲያኛው ጫፍ መልስ ጠፋ።  ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሁለት የጎረቤት ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«አይ ልጄ» አለ ቆይቶ ለቅሶ የሰነጠቀው የአክስቷ ድምፅ። የአባቷ እህት ናት፤ ከሩቅ ከተማ የደወለች፣ ለቀብሩ መድረስ ያልቻለች። «አደጋውማ እናንተው ቤት ነው።»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሁለቱ ሴቶች ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር፤ ላላወቀ ሰው የሚያለቅሱ ነው የሚመስለው። እሷ ይቅርታ ጠየቀች፣ ስልኩን ለእናቷ አቀበለች፣ ከዚያም ያስቀመጠችውን ሲኒ ፍለጋ ዞር ዞር አለች። ሲኒው የማታውቃቸው አንድ ሽማግሌ ጉልበት ላይ ነበር። እንደ አደራ ዕቃ በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

አባቷ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ነበረች። አንድ ቦታ አታርፍም። ሲኒ ትሰበስባለች፣ ያልተጠጣውን ጭምር። በር ላይ የተውትን የሰው ጫማ ጥንድ በጥንድ ታስተካክላለች። የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። ቀኝ እጇ ደግሞ በየመሀሉ ሳታዝዘው ወደ ጆሮዋ ይሄድና የሌለ ማዳመጫ ጫን አድርጎ ይመለሳል። ለቀስተኞቹ ራሷን ያመማት ይመስላቸዋል፤ እህል ቅመሺ ይሏታል።

«ኧረ እረፊ አንቺ ልጅ» አሏት ከጎረቤቶቹ አንዷ። «ሀዘንተኛ ነሽ እንጂ አስተናጋጅ ነሽ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩም እትዬ።»

«እሱንማ አየነው። ምንም አለመሆንሽ ነው ያስጨነቀን።»

ሴትዮዋ የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ጠዋት የፈረቃ ኃላፊዋ ደውሎላት ነበር። መጀመሪያ አጽናናት፤ ደኅና ሰው ነው። ከዚያ ተነፈሰ። ያ ትንፋሽ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች። ሠራተኛ ታሞበታል፣ አንዷ ወልዳለች፣ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ ጥሪው ግን አይታመም አይወልድ፣ ይጮሃል። «ነይ አልልሽም፤ ሀዘን ነው። ብቻ ምናልባት…»

«ነገ ጠዋት እገባለሁ» አለችው ሳታስጨርሰው።

ስልኩን ስትዘጋ እፎይ አለች። ቆይቶ ያስፈራት ይኸው እፎይታዋ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሚያለቅሱት ሌሎች ናቸው። የእሷ ድርሻ መጠየቅ ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ መቀመጫ ጠቦ ነበር። እንግዳውን የሚያስቀምጡት፣ አባቷ አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን ረዳቱ የነበሩት ሰው ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ቤተሰቡ ረስቶታል፤ «ጠጋ በሉ» ነው የሚባሉት። ዕድሜ ልካቸውን ተሳፋሪ ሲያጠጋጉ ኖረው ለቅሶ ቤትም ያው ናቸው።

«አንቺ ወዲህ። ጋሼ፣ እርስዎ ትንሽ ጠጋ። ኧረ አግዳሚው ገና ሰው ይይዛል፣ ሆድን መለስ ነው። እግዜር ያጥናችሁ ብሎ የጨረሰ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ።»

ሰው በሀዘን መሀል ፈገግ ይላል፤ ፈጣሪም ይህን የሚጠላ አይመስልም።

በዚህ ሁሉ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ከአጥሩ ሥር፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ ሲሚንቶ ላይ በብሎን የታሰረ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ የሾፌር ወንበር። ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ነው። አንድ ወፍራም እንግዳ ሊቀመጡበት ጎንበስ ሲሉ ጠጋ በሉ ክንዳቸውን ያዙ።

«እሱ ላይ አይደለም ጌታዬ። እሱ ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

 እንግዳው ወንበሩን አዩ፣ የጠጋ በሉን ዓይን አዩ፣ ከዚያም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደቆሙ ቀሩ።

አባቷ የሞተው እዚያ ወንበር ላይ ነው። እሷ ሥራ ላይ ነበረች፤ የእሷ ተራ ያልሆነውን ፈረቃ ራሷ ለምና ወስዳ። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ የራስ ስልክ ይዞ መቀመጥ አይቻልም፤ ስልኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ሲጮህ ዋለ። የከተማውን ሁሉ ጥሪ ስታነሳ የቤቷን ያነሳው የለም።

ልጆች ሳሉ አባታቸው ከመንገድ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ወደ ቤት አይገባም ነበር። የግቢውን በር ይከፍታል፣ ሻንጣውን መሬት ያስቀምጣል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እጁ ጭኑ ላይ፣ ዓይኑ አጥሩ ላይ። አጥሩ ግን ለእሱ የቆመ አይመስልም፤ ዓይኑን ላየው፣ ድንጋዩ በሁለቱም ጎኑ ወደ ኋላው እየሸሸ ነው። እሷና ወንድሟ ደረጃው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ወደ እሱ መሮጥ ክልክል ነው።

«አባዬ፣ ደረስክ?»

«ገና ነኝ።»

ትንሽ ቆይተው፣ «አሁንስ?»

«ገና። መታጠፊያው ላይ ነኝ።»

ከዚያ ቀኝ እጁ ወደ ታች ይወርዳል። ከወንበሩ ጎን፣ ምንም በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ጨብጦ ይስባል። ይህን ጊዜ ተራው የልጆቹ ነው፤ አውቶቡስ ሲቆም እንደሚተነፍሰው ሁለቱም ባንድ አፍ «ፍስስስስ» ይላሉ። ድምፁ ካልወጣለት አይነሳም። ሲወጣለት ይነሳል፣ በቧንቧው ፊቱን ይታጠባል፣ «ደረስኩ» ይላል። አባት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ትከሻው ላይ መውጣት የሚቻለው፣ ኪሱ የሚበረበረው ያኔ ነው።

ወንድሟ ይህን እንደ ጨዋታ ነው የሚያስታውሰው። እሷ ቂም ነበራት። የሌላ ልጅ አባት ከበሩ ጀምሮ ልጁን ብድግ ያደርጋል፤ የእሷ አባት ግን መጀመሪያ ወንበሩን፣ ከዚያ እሷን። ትልቅ ስትሆን ለራሷ ማለች፤ ልጅ ብወልድ ደጅ አላስጠናትም ብላ።

ቃሏንም ጠበቀች። ከባሏ ተለያይታ ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ከተመለሰች ወዲህ፣ ከሥራ ስትገባ ከነጫማዋ ነው። በአንድ እጇ ልጅ አቅፋ በሌላው ድስት ታማስላለች። ልጅቱን አያቷ ከመዝለሏ ብዛት «ቁንጫ» ብሎ ሰይሟታል። ቁንጫ ስለ ትምህርት ቤት ታወራለች፣ እናት «እሺ የኔ ቆንጆ፣ እሺ፣ ቀጥይ» ትላለች። ይህ «ቀጥይ» ከየት የመጣ ቃል እንደሆነ ልጅቱ አታውቅም። የሥራ ቃል ነው።

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልብስ አይቶ አያልፍም። ለእንግዳ ብርድ ልብስ ሊያወጣ ወደ ጓዳ ገብቶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። በዓይኑ ጠራት።

ሰማያዊው የሥራ ልብሷ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው።»

«ልብስ መሆኑን ለኔ ትነግሪኛለሽ? ለምን ተተኮሰ ነው የምልሽ።»

«ነገ እገባለሁ።»

«የት?»

«የት ይመስልሃል?»

በሩን ገርበብ አደረገው። ሳሎን ያሉት እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ብሶ ሰለለ። «አፈሩ እኮ አልደረቀም አንቺ።»

«ሰው ጎድሎባቸዋል።»

«እኛም ጎድሎብናል።»

«ወንድሜ፣ አንተ ጋ ሱሪ ቢዘገይ ሰውየው ይበሳጫል እንጂ አይሞትም። እኔ ጋ ስልክ ካልተነሳ ሰው ይሞታል።»

«ስታነሺውስ? ስታነሺው አይሞቱም?»

ከአፉ እንደወጣ ተጸጸተ። የልብሱን ኮሌታ ይዞ፣ የሌለ እድፍ እንደሚያራግፍ ሁሉ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «እኔ እንዲያ ማለቴ…»

«ገባኝ። ለእማዬ እንዳትነግራት።»

«እኔ አልነግራትም። ራስሽ ትነግሪያታለሽ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሽ። እሱን ከቻልሽ ሂጂ፤ አጅቤ እሸኝሻለሁ።»

አልተከራከረችም። እውነቱን ነው፤ ስታነሳውም ይሞታሉ። የባሰው ደግሞ መሞት መዳናቸውን አለማወቋ ነው። አባቷ በሞተበት ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ ደውላ ነበር። ድምጿ የቁንጫን ያህላል። እናቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃለች፣ አትናገርም። «እኔ አለሁ የኔ ቆንጆ፣ የትም አልሄድም። የውጭውን በር ክፈችና ተመለሽ። ጎበዝ። አሁን እማዬ ምን ትወዳለች? ዘፈን ትወዳለች? በይ ዝፈኚላት፣ ቀጥይ።» ልጅቱ ዘፈነች። የሰፈር ልጆች ገመድ ሲዘሉ የሚሉትን ነው፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ግጥሙን እያሳሳተች። ከዚያ የበር ድምፅ፣ የሰው ኮቴ፣ በራዲዮው ደግሞ የአምቡላንሱ ሰው፣ «ደርሰናል።» መስመሩ ተዘጋ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እነሱ ይደርሳሉ፤ እሷ እዚያው መንገድ ላይ ትቀራለች። ሴትዮዋ ትኑር አትኑር፣ ልጅቱ ማን ጋ ትሁን፣ የሚነግራት የለም። ቀጣዩ ይጮሃል። በዚህ ሥራ ስትኖር አንድም ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም። ሁሉም ጆሮዋ ውስጥ ግማሽ ግማሹን ቆሟል፤ ተራ ይጠብቃል።

አባቷ ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስላትም። በዝናሙ መግቢያ አካባቢ አንድ ምሽት ከሥራ ስትገባ ከወንበሩ ላይ ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ ተቀመጪበት። እኔ እነሳልሻለሁ።»

«ተቀምጬ ምን አደርጋለሁ?»

«ምንም።»

«ጊዜ የለኝም አባዬ። የሚታጠብ ልብስ አለ፣ ቁንጫ አልበላችም።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።»

ተረቱ አበሳጫት። ደክሟት ነበር፤ ያ የቆየው ቂም ደግሞ ከሥር ነበር። «አንተ መንገድ ነው የነዳኸው አባዬ። እኔ ሰው ሲሞት ነው የምሰማው።»

አባቷ አጥሩን እያየ ቆየ። «እኔም ሰው ነበር የጫንኩት» አለ። 

ከዚያ ወዲህ ተቀመጪ ብሏት አያውቅም። ብቻ የእግሯን ኮቴ ከበሩ ሲሰማ ከወንበሩ ይነሳል፤ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ አበባ ያጠጣል። ወንበሩ ባዶውን ይቆያል። እሷ በጎኑ አልፋ ትገባለች። በስተርጅናው አበባ መውደድ ያመጣ ነበር የመሰላት።

ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ለቀስተኛው ሳሳ። እናቷ ፍራሹ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የሌለው ጸሎት ትጸልያለች። ጠጋ በሉ ትርፍ አግዳሚ እያነሱ ግድግዳ ያስጠጋሉ። እሷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ከፔርሙዝ ሻይ ትቀዳለች፤ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ቁንጫ ከኋላዋ በጣቷ እየተራመደች መጣች። ከሶፋው ጫፍ ዘለለችና እናቷ ጀርባ ላይ ተንጠልጥላ ሁለት ጆሮዎቿን በሁለት መዳፏ ድፍን አደረገቻቸው።

የሆነው ባንድ ቅጽበት ነው። ድምፁ ሲጠፋ፣ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት። አንድ ሰው እዚያ ማዶ እየጠራት፣ እሷ ሳትሰማው የሚሞት መሰላት። ክንዷ በራሱ ተወረወረ። ልጅቱ ሶፋው ላይ ተገልብጣ ወደቀች፤ ፔርሙዙ ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወለሉ ላይ ፈነዳ። ለጥቂት ነው እንጂ ሶፋው ላይ የተረጨው ሻይ የልጅቱ ፊት ላይ በፈሰሰ ነበር።

ቁንጫ አልተጎዳችም። አላለቀሰችምም። ሶፋው ላይ ተቀምጣ እናቷን ከታች ወደ ላይ ተመለከተቻት፤ እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ እንደሚታይ ዓይነት። ከዚያ በቀስታ፣ ላለማስቀየም የምትጠነቀቅ በሚመስል ድምፅ፣

«እማዬ፣ ገና ስልክ ላይ ነሽ?» አለቻት።

 ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ልጅቱ ትንሽ ሸሸት አለች። ትንሽ ነው፣ ስንዝር አይሞላም።

ጠጋ በሉ ስብርባሪውን ሊለቅሙ በርከክ ብለው ለራሳቸው ያጉተመትማሉ። «ያውና። አባቷን ቁጭ። ያን ዕለት ከቁልቁለቱ መልስ ልክ እንዲሁ ነበር የ…» ቃሉን ዋጡት። ግን ዘግይተዋል።

«የቱ ቁልቁለት ጋሼ?»

ሰውየው እናትየውን አዩ። «አልነገራችኋትም እንዴ?»

እናቷ ጸሎቷን አቆመች። እጇን ለልጇ ዘረጋች፣ አንሺኝ እንደማለት። ስትነሳም እጇን አልለቀቀችም። «ነይ» ብላ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

እናቷ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ልብስ አየችው።  አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ቅንድብሽ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን መጣ?» አለቻት።

«ከደረጃ ወድቄ ነዋ።»

«እንዲያ ነው ያልንሽ።» የቀሚሷን ጫፍ በጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ነፍስ ያላወቅሽ ልጅ ነበርሽ። አባትሽ ሙሉ ሰው ጭኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ያቺ አሮጌዋ መኪና። በማርሽ ታገላት፣ በእጅ ፍሬን ታገላት፣ መጨረሻ ላይ ወደ አፈር ክምር አውጥቶ አቆማት። ጠጋ በሉ ሲናገር እስከ ዛሬ ላብ ያልበዋል። አንድ ሰው አልተጫረም፤ የእግዜር ሥራ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ እጁን ሳመው። አባትሽም መኪናዋን አስረከበና ምንም እንዳልሆነ ሰው እየሳቀ ቤት ገባ። እኔም የሆነውን አላወቅሁ፣ ምግብ አቀረብኩለት። መብላት ጀመረ። አንቺ ከኋላው ዘለሽ ዓይኑን በእጅሽ ጋረድሽው። ማን ነኝ ልትይው።»

 ከሳሎን የጠጋ በሉ መጥረጊያ ይሰማል፤ ስብርባሪው እየተሰበሰበ ነው።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ገና ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ቤት የገባው አካሉ ነው። ዓይኑ ሲጋረድበት…» ክንዷን ወደ ጎን ወረወረችው፤ አሁን ሳሎን ውስጥ እንደታየው አድርጋ። «የጠረጴዛው ጠርዝ አገኘሽ።»

እጇ ወደ ቅንድቧ ሄደ። ጠባሳው የነበረበት ነው ያለው፤ እንደ ልብስ ስፌት ቀጭን።

«ደምሽን አጥቦ፣ አሳክሞሽ፣ አስተኝቶሽ ወጣ። ሲመለስ መኪናዋ ልትጣል ነው ብለውት ወንበሯን ለምኖ ነቅሎ፣ በጀርባው ተሸክሞ ነው የመጣው። ያበደ መስሎኝ ነበር። ‹ከእንግዲህ ሳልደርስ ቤት አልገባም› አለኝ። ይኸው ነው።»

«እኔ እኮ…» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው የኖረችው ቂም በድንገት የሚቆምበት አጣ። «እኔ እኮ የማይናፍቀን ነበር የሚመስለኝ።»

«አውቃለሁ። ንገራት ብዬው ነበር። ፍርሃት ከምትይዝብኝ ቂም ትያዝብኝ ነው ያለኝ።»

 ከዚያ ይህች ራሷ እናት የሆነች ሴት፣ የሰው ነፍስ በጆሮዋ የምታልፍባት ሴት፣ ደረጃ ላይ እንደምትጠብቅ ልጅ ጠየቀች።

«እማዬ፣ አባዬ ሲሞት… ደርሶ ነበር?»

«እጁ ታች ነበር» አለች እናቷ። «ስቦታል። ድምፅ የሚያወጣለት ነው የጠፋው። ወንድምሽ ሱቁ፣ አንቺ ሥራ፣ ቁንጫ ትምህርት ቤት። እንግዲህ ጎረቤት ጠርቼ ከመጮሄ በፊት፣ አጠገቡ ቆሜ፣ እኔው አወጣሁለት።»

እንዴት እንዳወጣችው አሳየቻት። ከንፈሯን ገጠም አድርጋ፣ በቀሩት ጥርሶቿ መሀል፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ በማቅ ልብሷ። ትንሽ ድምፅ ናት። «ፍስስ።»

«ከዚያ በሰላም ግባ አልኩት።»

እናቷ የአልጋውን ራስጌ ተደግፋ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ የሰማያዊውን ልብስ እጅጌ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ መለስ አደረገችው።

«ጥሩ ተኩሰሽዋል» አለችና ወጣች።

ግቢው ውስጥ ጥላው ረዝሟል። የቀሩት ጥቂት እንግዶች ስለ ኑሮ ውድነት እያወሩ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሲመሽ ወሬው ወደዚያው ያዘነብላል። እሷ ከቤት ወጥታ ወደ አጥሩ ስትሄድ ጠጋ በሉ አዩዋት። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳይገባቸው አልቀረም።

«ጠጋ በሉ እስቲ፣ ጠጋ። መንገድ ስጧት።»

ሰዎቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ለእሷ ሰፊ ነበር። ስፖንጁ የአባቷን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል፤ መሀሉ ላይ ሰጠመች። ወዲያው መነሳት ፈለገች። ከአግዳሚው ሥር ያልተነሳ ሲኒ ይታያታል። ቧንቧው በደንብ አልተዘጋም፣ ይንጠባጠባል። ሶፋው ላይ የፈሰሰው ሻይ ምልክት ያወጣል። ጉልበቷ በራሱ ይዘላል። እንደ አባቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች፤ ጉልበቷ እጆቿንም ይዞ መዝለሉን ቀጠለ።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የፈረቃ ኃላፊዋ ነው።

«ነገ ጠዋትን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አላት። ከኋላው ጥሪው ይጮሃል፤ አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። እግሯ መሬቱን ረገጠ፣ ሊነሳ።

«አልመጣም» አለች።

«አልሰማሁሽም?»

«ነገ አልመጣም። እገባለሁ ያልኩህ ተሳስቼ ነው። ጆሮዬ ሞልቷል። እንዲህ ሆኜ ብቀመጥ ሰው እበድላለሁ፤ ቤት ውስጥ ጀምሬያለሁ።»

 ኃላፊው ያን ትንፋሹን ተነፈሰ። «መቼ እንጠብቅሽ?»

«ስደርስ እደውልልሃለሁ።»

«መንገድ ላይ ነሽ እንዴ?»

አጥሩን አየች። «አዎ» አለች። «መንገድ ላይ ነኝ።»

«እሺ በቃ» አለ ሰውየው ግራ እየተጋባ። «ወንበርሽ ላይ እኔው እቀመጣለሁ። በሰላም ግቢ።»

ስልኩን ዘግታ ወንበሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ አጥሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ በድንጋዩ መሀል የበቀለች ሣር። ቆይቶ ድንጋዩ መሄድ ጀመረ። መታጠቢያ ቤት የወደቀችው ሴትዮ መጣች፣ የልጅቱ የተሳሳተ ዘፈን መጣ፣ «ደርሰናል» የሚለው የራዲዮ ድምፅ መጣ። ሌላም መጣ፤ የቆየ፣ የረሳችው የመሰላት፣ ግማሽ ግማሹን የቀረው ሁሉ። አላባረረችውም፣ አልጠየቀችውም። በጎኗ ወደ ኋላ አለፈ። በመጨረሻ ከሁሉም ኋላ ቧንቧ ከፍቶ ጀርባውን የሰጣት አንድ ሽማግሌ መጣ፤ አበባ የሚያጠጣ፣ ወንበሩን የለቀቀላት። እሱን ማሳለፍ አልቻለችም። እንባዋ ያኔ ነው የወረደው፤ ድምፅ የለውም፣ ብዙ ነው።

እንግዶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ጠጋ በሉ በእጃቸው ምልክት ሰጧቸው፤ ተዋት፣ አትነካኳት።

ቁንጫ ወደ ደጅ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። እንደ ልማዷ አልዘለለችም። ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ እናቷን ከሩቅ እያየች፣ መቅረብ ይቻል እንደሆነ ታስባለች።

«እማዬ» አለች። አያቷን የምትጠይቅበት ድምፅ ነው። «ደረስሽ?»

«ገና ነኝ» አለች እናቷ፣ ፊቷን ሳታዞር። ድምጿ ተሰበረ፤ የሥራ ድምጿ አይደለም። «መታጠፊያው ላይ ነኝ።»

«ልጠብቅሽ?»

«ጠብቂኝ የኔ እናት።»

ልጅቱ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን አቀፈች። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ የሚዘጋው ሰው አልነበረም። የእናትየው ጉልበት ቀስ እያለ መዝለሉን ተወ።

ቆይቶ ቀኝ እጇ ተነሳ፤ ወደ ጆሮዋ ነበር የሚሄደው። መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ታች ወረደ፣ ከወንበሩ ጎን ወደ ባዶው ቦታ። ጣቶቿ አንድ ነገር ጨበጡ፤ የተለሰለሰ፣ የብዙ ዘመን እጅ ያረፈበት የሚመስል። ሳበችው። ከበዳትና በደንብ ሳበችው።

ቁንጫ ደረጃው ላይ ጉንጯን ነፍታ ስትጠብቅ ነበር።

«ፍስስስስ» አለች።